መልስ፦ የተጎጂዎች ድጋፍ ሥራ ድሬ ላይ

«ሶሻል ወርክ ተመርቄያለሁ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን መደገፍ እችለው ይሆን?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ትችይዋለሽ። ግን ከሁሉ በፊት ሰዓት ቁጠሪ። የተደፈረች ልጅ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ከሆነ ደግሞ ይሻላል። ክሱ በኋላም ይደርሳል። የለበሰችው ልብስ ማስረጃ ነውና እንዳታጥበው ንገሪያት፤ ፌስታል ውስጥም አይታሰር፣ እርጥበት ያበላሸዋል። የወረቀት ከረጢት ይሻላል።

ኦሮምኛና ሶማልኛስ? ካልቻልሽ ከአሁኑ ጀምሪ። አንዴ አስተርጓሚ ጠፍቶ በር ላይ የቆመ ሰው ጠራን። ልጅቷ ጭጭ አለች። ለካ የሰፈሯ ሰው ኖሯል! እስካሁን ይቆጨኛል።

«በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚል ዘመድም አይጠፋም። እሱን በትህትና ውጭ አስቀምጪውና መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ አነጋግሪያት።