የስቴት መንገድ፣ የሰው ትራክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የራሴ ዳምፕ ትራክ አለኝ፣ ሰመር ላይ አፈርና አስፋልት እጭናለሁ፣ ዊንተር ሲመጣ ፕላው ገጥሜ ስኖው እጠርጋለሁ። ሥራው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ የቪዶት ማለት ነው፣ እኔን የሚያሠራኝ ግን መሃል ላይ ያለ ካምፓኒ ነው። ያለፈውን ዊንተር ሠርቼ ብሬ ወራት ፈጀ፣ ስደውል «ስቴቱ ገና አልከፈለንም» ነው መልሱ። እኔ የሚገርመኝ ስቴቱ ለምን ራሱ አይቀጥረንም? ጓደኛዬ ደሞ ትራኩን ሸጠህ ስቴት ግባ ይለኛል፣ ሰዓቱ ሲሰላ ግን የስቴቱ ክፍያ ያንሳል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብርህን እንያዝ፣ ወሬው ይደርሳል። በቨርጂኒያ ሕግ ዋናው ኮንትራክተር ከስቴቱ ብር በገባለት በ7 ቀን ውስጥ ላንተ ድርሻህን መክፈል አለበት፣ አልከፍልም ካለ ደሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ካዘገየ በኮንትራቱ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በወር 1 ፐርሰንት ወለድ ይታሰብበታል። ካንተ በላይ ሌላ ንዑስ ኮንትራክተር ቢኖርም ይሄው ግዴታ እየወረደ ይመጣል። ስለዚህ «ስቴቱ አልከፈለንም» የሚሉህን ዝም ብለህ አትመን፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው የቪዶት ቢሮ ሄደህ ለዚህ ሥራ ተከፍሏል ወይ ብለህ ጠይቅ። የሠራህበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የጫንክበትን ቲኬት ሰብስበህ ሂድ፣ ባዶ እጅህን ብትሄድ የሚሰማህ የለም።

አሁን ለምን አይቀጥሩንም ወዳልከው ልምጣ። ቨርጂኒያ ከብዙ ስቴቶች ትለያለች። በ1932 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣ ሕግ የካውንቲ መንገዶችን ስቴቱ ጠቅልሎ ወሰዳቸው፣ አርሊንግተንና ሄንራይኮ ብቻ የራሳቸውን ይዘው ቀሩ። አንተ ያለህበት ፌርፋክስ ካውንቲ ደጅህ ላይ ያለውን ስኖው እንኳን የሚጠርገው ስቴቱ ነው። ስኖው ደሞ በዓመት ስንት ቀን ይጥላል? ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ብሎ ያን ሁሉ ሾፌር ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ እየከፈለ ያስቀምጥ ብትል ማንም አይስማማም፣ ስለዚህ እንዳንተ ያለውን በሰዓት ይከራያል። እዚህ ጋ እኔም ከስቴቱ ጋር ነኝ።

የማልስማማው ከስኖው አልፎ የተሄደበት ነገር ላይ ነው። በ1996 ቪዶት ወደ 250 ማይል የሚጠጋ የኢንተርስቴት (ስቴት ከስቴት የሚያገናኘው ትልቁ ሃይዌይ) ጥገና በቁርጥ ዋጋ ለአንድ የግል ካምፓኒ ሰጠ፣ በ2006 ደሞ የስቴቱ ምክር ቤት የኢንተርስቴት ጥገና በሙሉ ለግል ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ከዛ የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ሠራተኛው ወደ 7,500 ገደማ እንዲወርድ ተደረገ፣ በ2009 ሃይዌይ ላይ ያሉ 19 ማረፊያዎች ሳይቀር ተዘጉ (ትራክ ነጂ የነበረ ሰው መቼም አይረሳውም፣ በ2010 ነው መልሰው የከፈቷቸው)። ሰው ሲቀነስ ደሞ መጀመሪያ የሚወጣው ጡረታው የደረሰው ነው፣ እሱ ማለት የትኛው ድልድይ ቀድሞ በረዶ እንደሚይዝ፣ የትኛው ቱቦ በየዓመቱ እንደሚደፈን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። አስፋልቱ በልኩ መነጠፉን የሚለካ ኢንስፔክተር ከሌለህ ወይም እሱንም ተከራይተህ ካመጣኸው ኮንትራክተሩ ምን እንደሸጠልህ በምን ታውቃለህ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ። ያንተን ብር ወራት የያዘብህ ካምፓኒም አጥሩን ነቅንቆ ያየ ነው የሚመስለኝ።

ጃንዋሪ 2022 ትዝ ይልሃል? አይ-95 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ መኪናው ሁሉ ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ያደረበት፣ ሴናተር ቲም ኬይን ራሱ 27 ሰዓት መኪናው ውስጥ የቆየበት። ቀድሞ ዝናብ ስለነበር ጨው ብንረጭ ታጥቦ ይሄዳል ብለው ተዉት፣ ከዛ ስኖው በፍጥነት ወረደ፣ ከባድ ትራኮች መንገዱ ላይ ተጋደሙ፣ ፕላው የገጠመው ትራክም እዛው መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። እንደዛ ቀን የተከራየኸው ትራክ ብዛት ምንም አያደርግልህም፣ ሃይዌዩ አሁን ይዘጋ ብሎ በጊዜ የሚወስን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው የሚያስፈልግህ።

ሌላ ቦታም አንድ ዓይነት አይደለም። ካሊፎርኒያ የስቴት ኢንጂነሮች ማኅበር ካልትራንስን፣ የዛን ስቴት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ ከሶ የዲዛይን ሥራ ለግል እንዳይሰጥ በ1997 እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄዶ አሸንፎ ነበር፣ በ2000 ግን ሕዝቡ በድምፅ ፈቀደው። ክርክሩ አላለቀም እንጂ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ትራኩን አትሽጥ። ቪዶት ለስኖው ኮንትራክተር የሚመዘግበው ገና በሙቀቱ ጊዜ ነው፣ ዲሴምበር ላይ ብትሄድ መሃል ያለው ሰው እጅ ነው ተመልሰህ የምትወድቀው። ኢንሹራንስህን አሟልተህ በቀጥታ ተመዝገብ፣ የአነስተኛ ቢዝነስ ሰርተፊኬትም ከስቴቱ አውጣ። ስቴት ልግባ ካልክ ደሞ ሰዓቱን ብቻ አታስላ፣ ሄልዝ ኢንሹራንሱና ጡረታው ሲጨመር፣ በተለይ ልጆች ካሉህ፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ግን አንድ ነገር፣ ቪዶት ተቀጥሬ ትራኬን መልሼ ለቪዶት አከራያለሁ ብትል የጥቅም ግጭት ሕግ ስላለ አይሆንም፣ በሚስቴ ስም አደርገዋለሁ እንዳትል ደሞ፣ እሱንም አስበውበታል።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምሠራው፣ 495 ሃይዌይ ላይ በኤክስፕረስ ሌኑ ለመሄድ የምንከፍለው ብር ለስቴቱ ነው የሚገባው?

መልስ፦ አይደለም ወዳጄ። መንገዱ የስቴቱ ነው፣ ቶሉን የሚሰበስበው ግን ትራንስአርባን የሚባል የአውስትራሊያ ካምፓኒ ነው፣ ከ2012 ጀምሮ። ሦስት ሰው ሆናችሁ ኢዚፓስ ፍሌክስ (መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው የቶል መክፈያ፣ ማብሪያ ያለው) ካለህና ማብሪያውን ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና ማለት ነው) ላይ ካደረግከው በነፃ ነው፣ ሹፌሩም ይቆጠራል። ሁለት ተሳፋሪ ስትጭን ማብሪያውን መግፋት እንዳትረሳ።