ኤልሲ3 ስለጨመረ አውቶፋጂ ተቀሰቀሰ ይባላል?

እህቴ፣ "ትሬሃሎስ የሰጠኋቸው ሴሎች ላይ ኤልሲ3-2 ጨመረ፤ አውቶፋጂ ተቀስቅሷል ብዬ ልጻፍ?" ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አውቶፋጂ ማለት ሴል የራሱን ቆሻሻ በከረጢት ሰብስቦ የሚፈጭበት ሥራ ነው፤ ትሬሃሎስ ደግሞ ይህን ይቀሰቅሳል የሚባል የስኳር ዓይነት ነው። ቆይ፣ አትቸኩዪ።

ኤልሲ3-2፣ ከረጢቶቹ ላይ የሚጣበቀው ፕሮቲን፣ የሚነግርሽ የቆሻሻ ከረጢቶቹን ብዛት ነው። እዚህ ጎንደር አራዳ ገበያ ዳር ቆሻሻ በማዳበሪያ ተከምሮ ብታዪ፣ ወይ ሰፈሩ በደንብ ተጠርጓል፣ ወይ መኪናው አልመጣም። ሴልም ውስጥ ያው ነው፤ የሴሉ መፍጫ፣ ላይሶዞሙ፣ ካልፈጨ ከረጢቱ ይከመራል። አልዛይመር በያዘው አንጎል ውስጥ የታየውም ይኸው ክምር ነው። ትሬሃሎስ ላይማ ክርክሩ ገና አላለቀም፤ እንዲያውም መፍጨቱን ያውካል የሚሉ አሉ።

ስለዚህ ክሎሮኪን ጨምሪ። አዎ፣ ደምቢያ ለወባ የሚሰጠው ራሱ! የመጨረሻውን መፍጨት ስለሚዘጋ፣ የተሠራው ከረጢት ሳይፈጭ ይታይሻል። አራት ናሙና ያዢ፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ትሬሃሎስ ብቻ፣ ክሎሮኪን ብቻ፣ ሁለቱም። ሁለቱም ያለበት በኤልሲ3-2 ከክሎሮኪን ብቻው በግልጽ ከበለጠ፣ ተቀስቅሷል። እኩል ከሆነ ጭማሪው ከመዘጋት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለማነጻጸሪያ ራፓማይሲን የተባለውን መድኃኒት አስገቢ፤ አውቶፋጂን የሚገታውን ኤምቶር የተባለ ፕሮቲን ስለሚያግድ ሥራው የታወቀ ነው። ከቆሻሻው ጋር አብሮ የሚፈጨውን ፒ62 የተባለ ፕሮቲንም እዪ፣ ብቻውን ግን አትመኚው። ክሎሮኪኑን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አታሳድሪው፣ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።