ፒክአፕ ለያዛችሁ ልጆቼ፦ ስለ ሰርቪስ የምነግራችሁ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ያገለገለ ሃይሉክስ ገዝቶ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ 3.0 ሊትር ሞተር። የሕንፃ መሣሪያ ሊያመላልስበት ነው። ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ አለኝ። ቡና ተጠጥቶ ሊሄድ ሲነሳ ግን በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የመኪናዋ መጽሐፍ የሞተር ዘይት በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይር ይላል። አንዱ መካኒክ በ5 ሺህ አለኝ። ሌላው ደግሞ ዘይቱ ካልጠቆረ አትንካው አለኝ። ማንን ልስማ?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ከ30 ዓመት በላይ ከፒክአፕ ጋር ነው የኖርኩት። መጀመሪያ መካኒክ ነበርኩ፣ በኋላ የአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ ሆንኩ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

መጽሐፉን ስሙ። ግን ትክክለኛውን ገጽ ፈልጉ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አይቶ መጽሐፉን ክሩስኮት ውስጥ መልሶ ይከተዋል። ትንሽ ገለጥ ቢያደርግ ሌላ ሠንጠረዥ ያገኛል፤ ለከባድ አገልግሎት የተጻፈ ነው። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ተጎታች መጎተት፣ ደጋግሞ አጭር ጉዞ፣ ሞተር አስነስቶ ረጅም ሰዓት መቆም። ይህን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር የሀገሬ መንገድ ነው የሚታየኝ። ጠዋት ከአያት ሜክሲኮ የሚያዘግም ሰው እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። አፋር ውስጥ ኤሲ ከፍቶ አለቃውን የሚጠብቅ ሾፌርም አለ። አሸዋና ሲሚንቶ ጭኖ ኮረኮንች ላይ የሚወጣውማ በደንብ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በብዙ መጻሕፍት ላይ ያ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር 5 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ ከመጽሐፉ አልወጣም። ሁለተኛውን ገጽ ነው የተናገረው።

ኪሎ ሜትር ብቻውን ያታልላል። እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 83 ሰዓት ያህል ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ተጨናንቆ በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ያንኑ 5 ሺህ ለመጨረስ 333 ሰዓት ይሠራል። ቆጣሪው ላይ ቁጥሩ እኩል ነው። ዘይቱ ግን አራት እጥፍ ሰዓት ተቃጥሏል። መጽሐፉ ከኪሎ ሜትሩ ጎን «ወይም 6 ወር» የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው።

«ካልጠቆረ አትንካው» ያለውን መካኒክ ግን አትስሙት። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጠቁራል። ጥቀርሻውን አጥቦ በውስጡ ስለሚይዝ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ሳይጠቁር የቆየ ዘይት ጥሩ ነው፣ የጠቆረው አልቋል የሚባለው የቤንዚን ሰው ወሬ ነው፤ ለቤንዚንም ቢሆን ልክ አይደለም። ዘይት ውስጥ አሲድ የሚያጠፋ ንጥረ ነገር አለ። ናፍጣው ሰልፈር ሲበዛበት ይህ ንጥረ ነገር ቶሎ ያልቃል። ማለቁን ደግሞ በዓይናችሁም በጣታችሁም አታውቁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንዱ ሊያልቅ ሲል ይናገራል። ይጮኻል፣ ይሳሳል፣ ይንጠባጠባል። ሌላው ዝም ብሎ ይኖርና አንድ ቀን ይበጠሳል። ከመጽሐፉ ጋር መደራደር የምትችሉት በመጀመሪያው ላይ ነው። በሁለተኛው ላይ ድርድር የለም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ሰኔ ነበር። በጀት ሊዘጋ ነው፣ መስክ ያልጨረሰ ክፍል ሁሉ መኪና ይፈልጋል። አንዷ ፒክአፕ የታይሚንግ ቺንጊያዋ፣ ማለትም ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ እንቅስቃሴያቸውን የሚያስማማው ቀበቶ፣ በ100 ሺህ መቀየር ነበረበት፤ እሷ ግን 118 ሺህ ላይ ናት። መዝገቡ እጄ ላይ ነው፣ አውቄዋለሁ። አለቃዬ «ሐምሌ ይግባና ትገባለች» አለኝ። እኔም ሞተሩን አዳምጬ፣ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ፣ እሺ አልኩ። መጽሐፉን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

በሳምንቱ ሾፌሩ ከደጀን ደወለ። «ጋሼ፣ መኪናዋ ዝም አለች» አለኝ። የዓባይን በረሃ አቋርጦ ዳገቱን ሊጨርስ ሲል ነው። ድምፅ አላሰማች፣ አልጨሰች፣ አልሞቀች። ዝም አለች። አይሱዙ ላይ ጭነን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መለስናት። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ስናወርድ አራቱም ፒስተኖች አናት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ ነበር። ቫልቮቹ መጥተው የመቱበት ነው። አንዱን ቫልቭ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አንከባለልኩት፤ እየተወላገደ ሄደ። እስከ ዛሬ ያ መወላገዱ ዓይኔ ላይ አለ። የአንድ ቺንጊያ ዋጋ ለማዳን ብዬ ሙሉ የሞተር ሥራ አመጣሁ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሾፌሩ ነው። ያ ነገር ዳገት ላይ ሳይሆን ከባድ መኪና እየቀደመ ሳለ ቢሆንስ ኖሮ?

ስለዚህ ሞተራችሁ ቺንጊያ ነው ወይስ ሰንሰለት፣ ዛሬውኑ እወቁ። በሃይሉክስ የቀድሞዎቹ 2.5 እና 3.0 ሊትር ናፍጣዎች ቺንጊያ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጡት 2.4 እና 2.8 ሊትር ናፍጣዎች ሰንሰለት ናቸው። ቺንጊያ ባላቸው ላይ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራ የቺንጊያ መብራት አለች። ይህቺ መብራት ቺንጊያውን አታየውም። ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። ቺንጊያው ተቀይሮ መብራቷ ካልተመለሰች፣ ወይም መብራቷን አጥፍተው ቺንጊያውን ካልቀየሩት፣ የምትነግራችሁ ነገር እውነት አይደለም። ሲቀየርም ቺንጊያው ብቻውን አይቀየርም። የሚወጥረው ሮለር አብሮ ይቀየራል። አዲስ ቺንጊያ ባረጀ ሮለር ላይ አስረው ከሸኙት መካኒክ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ።

የፍሬን ዘይትም ከዝምተኞቹ ነው። ብዙ ሰው እስኪጎድል ይጠብቃል። የፍሬን ዘይት ግን ሳይጎድልም ያረጃል፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ወደ ታች የምትሄዱት። ጭነት ይዛችሁ፣ ፍሬን ላይ ተንጠልጥላችሁ ከወረዳችሁ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ወለል ይነካል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ይህን እንኳ አባቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

የሚናገሩት ዕቃዎች ላይ ግን ዓይናችሁን እመኑ። የፊት ፍሬን ሸራ በቸርኬው ቀዳዳ ይታያል። ጎማ ይታያል። እነዚህን መጽሐፉ ቀይር ስላለ ብቻ ውፍረት እያላቸው አትጣሉ። ኪሎ ሜትሩ ገና ነው ብላችሁም አልቀው እያያችሁ አትለፏቸው።

የአየር ፊልትሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ወዶ የሚሳሳትበት ነው። የፊልትሮውን ቤት ስትከፍቱ መጀመሪያ ወረቀቱን አትዩ። ፊልትሮው የሚቀመጥበትን የጎማ ቀለበትና ከሱ በኋላ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ፊልትሮው ይሠራል። ቡናማ ዱቄት ከያዘ አቧራ በጎን እያለፈ ነው። ያ ዱቄት ፒስተን ጋ ሲደርስ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ብዙ ጋራዦች በየሳምንቱ አውጥተው በኮምፕሬሰር ይነፉታል። በኃይለኛ ግፊት የተነፋ ወረቀት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም። በተከፈተ ቁጥርም ትንሽ አቧራ ወደ ንጹሑ ጎን ይወርዳል። እዚህ ላይ ከልክ በላይ መጠንቀቅም ይጎዳል። አቧራ መንገድ ላይ ስትሠሩ እዩት፣ ሲሞላ ቀይሩት፣ አትነካኩት።

የናፍጣ ፊልትሮውን ግን ነካኩት። ከሥሩ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ከተማ ውስጥ ከማደያ የሚቀዳ ሰው ብዙ አይቸገርም። ገጠር ገብታችሁ ከጀሪካን ከቀዳችሁ ግን በማግስቱ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ የታችኛዋን ማፍሰሻ ፈታ አድርጉ። ባዶ ሃይላንድ ያዙ። የወጣውን ለ5 ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ታች ይለያል፣ ናፍጣው ላይ ይንሳፈፋል፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃ አለ የምትለው መብራት እስክትበራ አትጠብቁ። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ውስጥ የገባ ውሃ የሚያስወጣችሁን ገንዘብ ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ።

ወንዝ ከተሻገራችሁም መጽሐፉን ዘግታችሁ መኪናዋን ጠይቁ። ውሃው በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ዲፈረንሻል ከሸፈነው፣ የሞቀ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የመሙያውን ብሎን ፈትታችሁ በጣታችሁ ነክታችሁ አውጡ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። መጽሐፉ ገና ነው ቢልም በዚያው ሳምንት ይቀየር። ክሮቸራውንም፣ የማስተላለፊያ ዘንጉን መጋጠሚያ፣ ግሪስ አስገቡበት፣ ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል።

አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር። የራዲያተር ክዳን። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተራችሁ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝና ውስጡ ትክክለኛ ኩላንት ስላለ ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል። ኩላንቱን አፍስሰው የቧንቧ ውሃ የሞሉበት መኪና ደግሞ ውስጡ ዝገት ነው። «ትሞቃለች» ተብሎ ቴስታታ የወረደላቸው፣ በኋላ ግን ችግሩ ክዳን ሆኖ የተገኘ መኪኖች አይቻለሁ።

ሰርቪስ ስትገቡ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ይቀርብላችኋል። ሞተር ማጠቢያ፣ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር፣ ምንም ሳይሆን ኢንጀክተር አውርዶ ማጽዳት። ችግር ከሌለ እምቢ በሉ። ያንን ገንዘብ ለእውነተኛ ፊልትሮና ለእውነተኛ ዘይት አውሉት። ዘይቱ ሲገለበጥ ቆማችሁ እዩ፣ ጣሳው ከፊታችሁ ይከፈት። መካኒኩ ቅር ቢለው ይበለው። ጥሩ መካኒክ ቅር አይለውም።

ገንዘብ የለም የምትሉትን እሰማለሁ። መለዋወጫ ተወዷል፣ አንዳንዱም አይገኝም። ስለዚህ አስቀድሙ። ለመኪናዋ እቁብ ግቡላት። በሠራችሁ ቁጥር ትንሽ ለብቻ አስቀምጡ፤ ቺንጊያው ከመድረሱ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀድማችሁ ዕቃውን ግዙና ቤት ይቀመጥ። ገንዘቡ ካልበቃና መምረጥ ግድ ከሆነ ፍሬን፣ ዘይት፣ ቺንጊያ ይቅደሙ። የተሰነጠቀ ዳሽቦርድና ቀለም መጠበቅ ይችላሉ።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት የመጨረሻው ነገር ያገለገለ ለገዛ ሁሉ ይሆናል። የመኪናዋ ታሪክ በወረቀት ከሌለ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ሻጩ «አሁን ነው የቀየርኩት» ቢላችሁም ደረሰኝ ካላያችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ጀምሩ። የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮዎቹን በሙሉ፣ የፍሬን ዘይት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ኩላንት፣ ቺንጊያና ሮለር። ይህ ኪስ ይገለብጣል፣ አውቃለሁ። መኪናዋን ስትዋዋሉ ዋጋው ላይ ደምራችሁ ቁረጡት። ከዚያ አንድ ደብተር ገዝታችሁ ክሩስኮት ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ጻፉ።

እሱ ቅዳሜ ጋራዥ ወሰዳት። አብሬው ሄድኩ። የቺንጊያው ሽፋን ሲነሳ ከውስጥ በኩል በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አገኘን። የቀድሞ መካኒክ የጻፈው ነው፤ 96,400 ይላል። ቆጣሪው ላይ ያለው ደግሞ 88 ሺህ ነበር።