«ጠንካራ ነሽ» መባል ሰለቸኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ድካም ናቸው። ሦስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳብቀውን አውጥተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሙሉ ቀን እሠራለሁ፣ እናቴንም የማስታምማት እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። ባለፈው ትንሿ ልጄ ውሃ ደፋች ብዬ ጮህኩባት፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለውሃ! ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ይዤ እስከ እኩለ ሌሊት እቆያለሁ፣ የራሴ የምለው ሰዓት እሱ ብቻ ነው። እውነት ጥንካሬ በልምድ ይመጣል? ወይስ ይዘውት ነው የሚወለዱት?

መልስ፦ እህቴ፣ ለውሃ አልጮህሽም። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ባታውቂ ባልጻፍሽልን ነበር።

ሰውነታችን ችግር ሲገጥመው የሚያደርገውን ያውቃል። አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል፣ ቀጥሎ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይመጣና ጉልበቱ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ችግሩ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንቺ ግን አያልፍም። ከሥራ ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ እናትሽ፣ ከእናትሽ ደግሞ ስለ ነገ ወደ ማሰብ። ሃንስ ሴልዬ የሚባል ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. አይጦችን ለብርድ፣ ለጉዳት፣ ለከባድ የጡንቻ ሥራ ዳርጎ ያየውን ጽፎ ነበር። የደረሰባቸው ነገር ቢለያይም የሰውነታቸው ምላሽ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው፤ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ መልመድና መቋቋም፣ በመጨረሻ መዛል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ መሃለኛው ነው። ከውጭ ሲያዩት ጥንካሬ ይመስላል። ሰዎች «ጎበዝ» የሚሉሽ እዚያ ላይ ሳለሽ ነው፣ ሰውነትሽ ግን ዋጋውን እየከፈለ ነው።

ስለዚህ ስንት ነገር እንደምትሸከሚ መቁጠሩን ትተሽ፣ በአንዱና በሌላው ሸክም መካከል ስንቴ ቁጭ እንደምትዪ ቁጠሪ። የሚጎዳው ሸክሙ ብቻ አይደለም፣ እረፍት ማጣቱ ነው።

ይዘውት ይወለዳሉ ወይ ላልሽው ደግሞ ጥሩ መልስ አለ። ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋል። ድህነት፣ ጠብ፣ መጠጥ ወይም የወላጅ የአእምሮ ሕመም ተደራርቦ ካለበት ቤት ከወጡት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ራሳቸውን የቻሉ፣ ለሰው የሚያስቡ ሰዎች ሆነው አደጉ። የተፈጥሮ ጠባይ ድርሻ አልነበረውም አልልሽም፣ ነበረው። ግን በብዙዎቹ ሕይወት ውስጥ አንድ ሰው አለ፦ አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት፣ ብቻ የማይጠፋ ሰው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ በጉርምስናቸው መንገድ ስተው ከነበሩት ብዙዎቹ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብተው ተስተካክለዋል። አንቺም አልረፈደብሽም።

እና ያንቺ ሰው ማነው? በደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ አለች፣ ልጆችሽ አሉ፣ የሚያደንቅሽ ሕዝብ አለ፤ የሚያግዝሽ ግን አንድም ሰው አልጠቀስሽም። ምናልባት «ካስቸገረሽ ደውዪ» የሚል ወንድም ወይም እህት ይኖርሻል። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ አይደለም፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያውቅም፣ ባለማወቁም ደግሞ ይመቸዋል። «እርዱኝ» ብትዪ ሁሉም «እሺ» ይልሽና ማንም አይመጣም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ እናታችን ጋር አንተ ነህ የምትሆነው» በዪ። ቀንና ሰዓት ያለውን ነገር እምቢ ማለት ይከብዳል። ሊያኮርፍ ይችላል፣ ያኩርፍ።

የሌሊቱን ስልክ «አቁሚ» ብዬ አልቆጣሽም። ሌላ የራስሽ ሰዓት ሳይኖርሽ እሱን ብትነጠቂ ሁለት ቀን አትቆዪም። ግን ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፣ አንቺ ደግሞ ከነገ እየተበደርሽ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ትንሽ ሰዓት ፈልጊ። ከሥራ ስትወጪ ቤት ከመግባትሽ በፊት ሃያ ደቂቃ፣ በእግር ወይም ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅሽ። ያን ካገኘሽ የሌሊቱ ራሱ እየቀነሰ ይመጣል። ከመተኛትሽ በፊት ደግሞ ነገ የሚሠሩትን ነገሮች አምስት ደቂቃ ወስደሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ነገ የሚሠሩትን የጻፉ ሰዎች፣ የሠሩትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የተሳተፉት 57 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ተአምር አትጠብቂ፤ ቢሆንም የሚያስወጣው ነገር የለም።

ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂያት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ «ደክሞኝ ነበር፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይበቃል። ቀጥሎ ንዴት ሲመጣ ደግሞ፣ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት አየር ስበሽ ስታስወጪ ከሳብሽው ረዘም አድርጊው፣ ሦስት አራቴ። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ቀስ ይላል፣ ተፈጥሮው ነው። እናትሽን አያድንልሽም፣ ልጅሽ ላይ መጮህሽን ግን ሊያስቀርልሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ እረፍት አለኝ፣ ግን አይሠራልኝም። ቅዳሜና እሑድ እተኛለሁ፣ ሰኞ ስነሳ ከዓርብ የባሰ ደክሞኛል። የምሠራው ከደንበኞች ጋር ነው፤ ድሮ እወዳቸው ነበር፣ አሁን ስልክ ሲጮህ ራሱ ያስጠላኛል። ሰነፍ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰነፍ ሰው «ሰነፍ ሆኜ ይሆን» ብሎ አይጨነቅም።

የጻፍከው ነገር ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በሥራ ጫና መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስገብቶታል፣ በሽታ ነው ሳይል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መጥላት ወይም ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ «የምሠራው ሁሉ አይረባም» የሚል ስሜት። ሁለቱን ራስህ ነግረኸናል።

አሁን ስለ ቅዳሜና እሑድህ። ተኝተህ ነበር እንጂ ከሥራ ወጥተህ ነበር? የሥራ ስልክህ አጠገብህ ከሆነ፣ መልእክት በገባ ቁጥር የምታይ ከሆነ፣ ጋደም ብለህ የሰኞውን ስብሰባ በሐሳብህ የምትከራከር ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ መኪና ነህ። ሐሳብህ ከሥራ የሚወጣው ሌላ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ነው። ኳስ ይሁን፣ አትክልት ይሁን፣ መሣሪያ መማር ይሁን፣ ብቻ እጅህንና ሐሳብህን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር ፈልግ። ዝም ብሎ መጋደም ለዚህ አይበቃም።

ግን እውነቱን ልንገርህ። ሥራህ የሁለት ሰው ሥራ ከሆነ፣ የትኛውም የትንፋሽ ልምምድ አያስተካክለውም። ሠራተኛውን አንድ ቀን «ጭንቀትን ስለ መቋቋም» አሠልጥነው በማግስቱ ሥራ የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶች ያናድዱኛል። አለቃህ ጋር ስትገባ «ደከመኝ» አትበል፣ «አይዞህ» ይልህና ትወጣለህ። እጅህ ላይ ያለውን ሁሉ ጽፈህ ግባና «በዚህ ሳምንት ከነዚህ የትኛው ይቅር?» በለው። ሁሉም ይሠራ ካለህ፣ እንግዲህ ሌላ ሥራ መፈለግ ስለ መጀመር ማሰቡ ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ሁሉም ነገር «ጭንቀት ነው» ይባላል። ጭንቀት ብቻ መሆኑንና ሐኪም የሚያስፈልገው መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገው ጠየቁ፣ እኛም ለሁሉም ነገር «ጭንቀት ነው» እያልን የምናልፈው ብዙ አለ።

ሐዘኑ ወይም ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላቱ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ከተዛባ፣ ሐኪም ይዩ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ ያኑ ቀን ለሚቀርብዎ ሰው ይንገሩና አብረው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ደግሞ «ጭንቀት ይሆናል» ብለው አይተኙበት፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ድካም ብቻ ቢሆንም የደም ምርመራ ይጠይቁ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ስኳር ሁሉም ሰውን ያዝላሉ፣ ሦስቱም ደግሞ በምርመራ ይታወቃሉ። ከመሄድዎ በፊት ድካሙ መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ግማሹ ይረሳል።