የጨርቁን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ከጨርቅ፣ ከክርና ከልዩ ልዩ ቁሳቁስ ቅይጥ የጥበብ ሥራ መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች ቤቴ ስትመጡ ጥያቄያችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እትዬ፣ ሐሳቡ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። ቡና እየተፈላ፣ እንግዳ እየገባና እየወጣ የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ስለሚሰማኝ፣ ዛሬ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልመልስላችሁ ወደድሁ። እዚህ ጎንደር ላይ ከ40 ዓመት በላይ የእጅ ሥራ አስተምሬአለሁ፤ ከማስተማሩ ጎንም ጥልፍ ጠልፌአለሁ፣ ክር ቀለም ነክሬአለሁ፣ የነጠላ ቁራጭን ከቆዳና ከአክርማ ጋር እየሰፋሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥራዎችን ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐሳብ ያጣሁባቸው ወራት ነበሩ፤ ከእነዚያ ወራት ያወጣኝ ግን ምንጊዜም በሰው እጅ የተሠራ ነገር አንስቶ እንዴት እንደተሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ለዚህም ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን መመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ኩታ ላስረዳችሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ የወጣ፣ ዳር ዳሩ የነተበ ኩታ ደርሶኝ ነበር። ለዓመታት አጥቤ ከማስቀመጥ በቀር ምንም አላደረግሁበትም። አንድ የክረምት ማታ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ እየፈታሁ ሁለቱን እጥፎች ለያየኋቸው። በውጭ በኩል ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የደበዘዘ ቀለም ነበረው፤ በውስጥ በኩል ግን ፀሐይ ያላገኘው ክር እንደ ተሠራበት ቀን ደምቆ ቆይቷል። እዚያ ላይ ነው ያየሁት፤ አረንጓዴ ሆኖ የመጣው ጥለት ከአንዲት ትንሽ ቋጠሮ በኋላ ሰማያዊ ሆኗል። ሸማኔው አረንጓዴ ክር አልቆባቸው ነበር። የሚቀጥለውን ገበያ አልጠበቁም፣ ሥራውንም አላቋረጡም፤ በእጃቸው ያለውን ክር አንስተው፣ አጥብቀው ቋጥረው ቀጠሉ። የማላውቃቸው ሰው ከብዙ ዘመን በፊት የወሰኑት ውሳኔ በጣቴ ሥር ነበር። ከዚያች ምሽት በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል የሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ክር የሚያልቅበትን ቦታ የሚያሳዩ ናቸው፤ አንዱ ቀለም ሲያልቅ ቋጠሮው በፊት በኩል ወጥቶ እንዲታይ እያደረግሁ፣ ቀጣዩን በተገኘው ክር እሠራ ነበር። ከመጽሔት የቀዳሁት ሥዕል እንዲህ ለሦስት ዓመት አስሮ አያሠራኝም ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ እጅም መማር አለበት። ጠላፊም ሁኑ ሠዓሊ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥጥ ዳምጣችሁ፣ ነድፋችሁ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላችሁ አንድ ልቃቂት አድርሱ። በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፍራም፣ ሌላው ቦታ ቀጭን ስለሆነ ቀለም ሲነከር እኩል አይጠጣም፤ ያ መዛነፍ ራሱ ከብዙ ሥዕል የበለጠ ይናገራል። ከዚያም ሸማኔ ዘንድ ሄዳችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ድሩ ሲደራ፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲለዋውጥ፣ መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ እዩ። ስልካችሁን ያን ጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ ፎቶ ያነሣ ሰው ያየ እየመሰለው ቶሎ ይነሣል።

ቋንቋችን የቀሚሱን የጠርዝ ጌጥ «ጥበብ» ይለዋል፤ ኪነትንና ዕውቀትንም በዚያው ቃል ይጠራል። ስለዚህ «ጨርቅና ሥዕልን መቀላቀል አዲስ ነገር ነው» ሲባል ስሰማ፣ የከተማችንን ልጆች ወደ ገዛ ቤታቸው ልመልሳቸው እወዳለሁ። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ የምታዩት ሥዕል ብዙውን ጊዜ ያረፈው በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጠርዙ በእርጅና የተላቀቀበት ቦታ ብታገኙ የድሩና የማጉ መስመር ከቀለሙ ሥር ይታያችኋል። ብራና ፋቂዎች ቆዳው ላይ ቀዳዳ ሲገጥማቸው ይሰፉታል፤ ጸሐፊውም ስፌቱ ዘንድ ሲደርስ ቃሉን ከዚህና ከዚያ ከፍሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ መሪጌታ አሮጌ መጽሐፍ ሲገልጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የእንጨቱን ገበታ የሸፈነው ቆዳ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዳር ዳሩን እንደ መስኮት ክፈፍ ይዞታል፤ በክፈፉ መካከል ደግሞ ትንንሽ ቀያይ አበባ ያለበት፣ የሰው መዳፍ የምታክል ቀጭን ጨርቅ ተለጥፋለች። እንዲህ ያሉት ጨርቆች ብዙዎቹ ከህንድ ተነሥተው ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። መጽሐፉ ሲዘጋ አበባው አይታይም። እንጨት፣ ቆዳ፣ ብራና፣ ቀለም፣ ጅማትና የባዕድ አገር ጨርቅ በአንድ እጅ ተጣምረው፣ ከሁሉ ያማረው ክፍል በውስጥ በኩል ተቀምጧል። ስለ ቅይጥ ቁሳቁስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኔ አላገኘሁም።

ስለ መጋረጃው ደግሞ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በ18ኛው መቶ ዘመን እዚህ ጎንደር ላይ ከሐር የተሠራ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ፣ ሦስት ረጃጅም ክፍል ያለው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ የሚገኘው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ባለው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው፤ ተመራማሪዎች በላዩ ያሉትን ምስሎች ከዐፄ በካፋና ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ያያይዟቸዋል። ሐሩ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሲሆን አሠራሩ ግን ከምናውቀው የጉድጓድ ሽመና የተለየ ነው። ድሩ ማዕዘናቸው በተበሳ ትንንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ ያልፋል፤ ሰሌዳዎቹ በእጅ በተዞሩ ቁጥር ክሮቹ እርስ በርሳቸው ይገመዳሉ፤ ምስሉም የሚወጣው ከዚያ መገመድ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጠባብ መቀነት ነው። የጎንደር ሰዎች ግን በመቀነት አሠራር የመቅደስ መጋረጃ ሠሩበት። እኔ በሕትመት ያየሁትን ምስል ይዤ ከወፍራም ካርቶን ስምንት ሰሌዳ ቆርጬ፣ ሁለት ጣት የምትሰፋ ጥብጣብ ለመሥራት አንድ ወር ወስዶብኛል፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ያሰብሁበት መንገድ ከቀድሞው ፈጽሞ ሌላ ነው። እናንተም ሞክሩት፤ ካርቶን፣ መቀስና ክር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እዚሁ ጎንደር ባለው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያሉትን መላእክት ብዙዎቻችሁ ትጠልፋላችሁ፤ ገዢም ይጠይቃቸዋል፤ እንጀራችሁ ስለሆነ አልነቅፍም። ነገር ግን ፊታቸውን ከመቅዳት በፊት ቀና ብላችሁ አደራደራቸውን ተመልከቱ። ከ100 በላይ ፊቶች በረድፍ ተደርድረው ሳለ ዓይኖቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም፤ ጣራው ሕይወት ያለው የሚመስለውም በዚህ የተነሣ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ አንድም ፊት ሳይጠልፍ፣ በነጭ ጋቢ ላይ ጥቋቁር ስፌቶችን በረድፍ አድርጎ አቅጣጫቸውን በጥቂቱ እየለዋወጠ ያንኑ ስሜት ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ስለ አንድ ጥፋቴ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለአዳራሹ የሚሆን ትልቅ ሥራ አዝዞኝ፣ የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ያለበትን የመስከረም መስክ ለማሳየት አሰብሁ። ቢጫውን ሁሉ በእርድ ነከርሁት። ሲሰቀል የሚያበራ ቢጫ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ግን በመስኮቱ በኩል ያለው ወገን ገርጥቶ የአሮጌ ወረቀት መልክ ያዘ። እርድ ፀሐይ እንደማይችል ማወቅ ነበረብኝ፤ የከፈሉኝን ገንዘብ መልሼ ሥራውን ወደ ቤቴ ወሰድሁት፤ ብዙ ቀንም እያየሁት አዘንሁ። ከዚያ ወዲህ የማልተወው ልማድ አለኝ። የነከርሁትን ክር ሁሉ፣ በሽንኩርት ልጣጭም ይሁን በቡና ወይም ከሱቅ በተገዛ ቀለም፣ ቁራጩን ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ለአንድ ወር እሰቅለዋለሁ፤ ካርቶኑ ሲነሣ ሁለቱ ግማሾች እውነቱን ይናገራሉ። እነዚህ የሙከራ ቁራጮች ቁጥራቸው በዛና፣ አንድ ቀን ጎን ለጎን ስደረድራቸው ራሳቸው ሥራ ሆኑ፤ የፀሐይን አሻራ ያሳያሉ። ሙከራችሁን አትጣሉ፤ ቀኑንና የነከራችሁበትን ነገር ጀርባው ላይ ጻፉበት።

«ድሪቶ» የሚለውን ቃል በንቀት ስትጠሩት ስሰማም ቅር ይለኛል። ከቁራጭ ላይ ቁራጭ እየጣፈች ልጆቿን ያለበሰች እናት፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚስማማና የትኛው ቦታ ቶሎ እንደሚያልቅ ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ድሪቶ ካገኛችሁ ጣፎቹን ከላይ ወደ ታች ቁጠሯቸው፤ የትከሻው ጣፍ ሸክም፣ የጉልበቱ ጣፍ አረም ማረም እንደሚናገር ታያላችሁ። የአገራችን ልጅ ኤልያስ ስሜ ቀድሞ በሸራ ላይ ክር በመስፋት፣ ኋላም ከወዳደቀ ኮምፒዩተር የወጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በመጎንጎን የሠራቸውን ግዙፍ ሥራዎች ዓለም ያወቀው፣ የተጣለን ነገር በትዕግሥት ስላየ ነው። በጋና ተወልዶ በናይጄሪያ ንሱካ ያስተማረው ኤል አናትሱይም በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን የሞላበት ከረጢት ተጥሎ አግኝቶ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው፤ ወዲያው ግን አልሠራበትም። ክዳኖቹን ቀጥቅጦ በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ብረት ያወጣው ከረጢቱ ለወራት ከተቀመጠ በኋላ ነው። አባቱ ኬንቴ የሚባለው የጋና ጨርቅ ሸማኔ ነበሩ። እናንተም ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ምን እንደምታደርጉበት ሳታውቁ የወደዳችሁትን የማዳበሪያ ጆንያ፣ የስንደዶ እስር፣ የተቆረጠ የበቅሎ ኮርቻ ቆዳ ግዙና ቤታችሁ ውስጥ በምታዩት ቦታ አስቀምጡት። አትቸኩሉበት።

ስለ ገንዘብ ጥቂት ልበል። ሸማኔውን፣ ሰፌድ ሰፊዋን፣ ከጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ ሸክላ የሚሠሩትን እናቶች ዕውቀት ስትጠይቁ ጊዜያቸውን እየወሰዳችሁ ነውና ዋጋውን ክፈሉ፤ ሥራው ሲታይም ማን ጋር እንደ ተማራችሁት በግልጽ ተናገሩ።

የእናቴ ኩታ ውስጠኛው እጥፍ ዛሬም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥራ ጠረጴዛዬ በታች አለ። ቋጠሮዋ ያለችበትን ስንዝር የምታክል ቦታ እስካሁን ምንም ሥራ ላይ አላዋልኋትም። በሚቀጥለው ስትመጡ አወጣላችኋለሁ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታችሁ ትገለብጡታላችሁ።