ከልጆች ጋር ለአንድ ቀን፦ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ

እህቴ፣ ከለንደን ደርሶ መልስ የሚሆን፣ ልጆች የማይሰለቹበት ጥንታዊ የገበያ ከተማ ነው የጠየቅሽው። እኔ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፈክ በሚባለው አውራጃ ያለችውን ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን እመርጣለሁ። ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ስለሚቆም ከሁለት አንዱን ቀን ሂዱ።

ገበያውን ቶሎ ዞር ዞር ብላችሁ አቢ ጋርደንስ ወደሚባለው መናፈሻ ውረዱ። መግቢያው ነጻ ነው፤ የልጆች መጫወቻም አለው። ቦታው በ1020 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ትልቅ ገዳም ነበር። በ1539 በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋና ፈረሰ። የቤተ ክርስቲያኑን የምዕራብ ግንብ ግን እንዳታልፉት! ሸካራው ፍርስራሽ መሃል በርና መስኮት ያላቸው ቤቶች ተሠርተውበታል። እንደዚህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ባቡር ላይ የቅዱስ ኤድመንድን ታሪክ ንገሪያቸው። በ869 ዴኖች (ከዴንማርክ የመጡ ቫይኪንጎች) የገደሉት ንጉሥ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው የተቆረጠ ራሱን ጫካ ውስጥ ተኩላ ሲጠብቀው ተገኘ። ተኩላው በከተማው አርማ ላይ ስላለ ልጆቹ እየዞሩ ይፈልጉት።

ምሳ ቋጥራችሁ ሣሩ ላይ ብሉ። ባቡሩ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ መቀየር ስላለው የመመለሻውን ሰዓት ቀድመሽ እዪ።