የአባታችሁን ካርታ ይዛችሁ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ቢዝነስ ለመጀመር ለምትጣደፉ፣ ባንክ ማስያዣ ሲጠይቃችሁም መጀመሪያ የወላጆቻችሁ ቤት ትዝ ለሚላችሁ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ደንበኛ ይቀየመኛል፣ አለቃ ይቆጣኛል ብዬ የምሸፋፍነው ነገር የለም።

ብድር አትውሰዱ አልላችሁም። ልጆቼን ያስተማርኩት ሰው ተበድሮ ከሚከፍለው ወለድ በተገኘ ደመወዝ ነው። የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ሽማግሌ አባት ቤት። ግን ከእኛ አገር አልጀምርም። የእኛን ሳወራ ሁሉም "እከሌን ነው የሚለው" ብሎ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። የሩቅ ሰው ልውሰድ።

ኡሊሰስ ግራንት የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በድል የጨረሰ ጄኔራል ነው። በ1865 የደቡቦቹ የጦር መሪ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ለእሱ ነው። (የግራንትን ዘመን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ1869 እስከ 1877 ፕሬዚዳንት ሆነ። ሥልጣን ሲለቅ ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ለቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ጡረታ የተፈቀደው በ1958 ነው። የወታደርነቱንም፣ ፕሬዚዳንት ሲሆን ማዕረጉን ስለለቀቀ አጥቶታል።

ከሥልጣን እንደወረደ ዓለምን ዞረ። በ1878 ካይሮ ሲደርስ ከተቀበሉት የድሮ ወታደሮች አንዱ ጄኔራል ሎሪንግ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከግብፅ ጦር ጋር መጥቶ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የተመታው ሎሪንግ። ከጉዳያችን ጋር አይገናኝም። ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ሰውየው አገሩ ሲመለስ ሀብታም ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጡና ኒው ዮርክ፣ ምሥራቅ 66ኛ መንገድ ላይ ቤት እንዲገዛ አደረጉ። እዚያ ቁጭ ብሎ ማርጀት ይችል ነበር። ያኔ ነው ልጁ አንድ ጓደኛ ይዞ የመጣው።

ልጁ እንደ አባቱ ኡሊሰስ ነው ስሙ፤ ቤተሰቡ "ባክ" ይለዋል። የተማረ ልጅ ነው፣ ሕግ ያጠና። ጓደኛው ፈርዲናንድ ዋርድ ይባላል። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ የሰባኪ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ጨዋ። ዎል ስትሪት ላይ "የገንዘቡ ዓለም ወጣት ናፖሊዮን" ይሉት ነበር። አንድ የባንክ ፕሬዚዳንትም ሸሪክ ሆኖ ገባ። አባት 100 ሺህ ዶላር፣ ልጅ 100 ሺህ ዶላር አስገቡ። ድርጅቱ "ግራንት ኤንድ ዋርድ" ተባለ። የሽማግሌው ስም ከፊት ተለጠፈ። ዋርድ የፈለገው ከገንዘቡ ይልቅ ያንን ስም ነው።

አሠራሩ አዲስ አልነበረም፤ ዛሬም እያየነው ነው። ዋርድ አንዱን የአክሲዮን ወረቀት ለሁለትና ለሦስት ብድር ያስይዛል። ከኋላ በመጣው ገንዘብ ለፊተኛው "ትርፍ" ይከፍላል። ለባለሀብቶች በጄኔራሉ ስም የመንግሥት ኮንትራት አለን እያለ ያንሾካሹካል። ግራንት ግን ከመንግሥት ኮንትራት ጋር የሚነካካ ነገር አልፈልግም ብሎ ነበር። ሒሳብ መዝገቡ ዋርድ ጋ ነው። ቼኩም ዋርድ ጋ ነው። ደብዳቤ ሲመጣለት ሽማግሌው ሳያነብ ይፈርማል። ዕድሜውን ሙሉ ጸሐፊ ያቀረበለትን ሲፈርም የኖረ ወታደር ስለሆነ ይመስለኛል። ሌሎቹ ልጆቹና ዘመዶቹም ያላቸውን አምጥተው አስገቡ። ግራንት ሚሊየነር የሆነ መሰለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሜይ 4 ቀን 1884፣ እሑድ፣ ዋርድ ቤቱ ድረስ መጣ። ያ ሸሪካችን የሚመራው ባንክ ችግር ላይ ነው፣ ለአንድ ቀን ብቻ 150 ሺህ ዶላር ያስፈልጋል አለ። ግራንት ተነስቶ የባቡር ሐዲዱ ባለጸጋ ዊሊያም ቫንደርቢልት ቤት ሄደ። ቫንደርቢልት ለድርጅቱ ሳይሆን ለአንተ ነው የማበድረው ብሎ ቼኩን ጻፈ። ዋርድ ቼኩን ተቀበለና ለራሱ አደረገው።

ማክሰኞ ጠዋት ግራንት ቢሮ ሲገባ ባክ ነው የነገረው። ባንኩ ተዘግቷል። ዋርድ የለም። ድርጅቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ አለበት፤ ያለው ንብረት 67 ሺህ ገደማ ነው። የስልሳ ሁለት ዓመቱ ጄኔራል ኪሱን ሲያይ 80 ዶላር፣ ሚስቱ ጁሊያ ጋ ደግሞ 130 ዶላር ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ በሉ። ለቫንደርቢልት ያለውን ሁሉ አስረከበው፤ ቤትና መሬቱን፣ የሚዙሪ እርሻውን፣ ሰይፎቹን፣ ሜዳሊያዎቹን፣ ነገሥታት የሸለሙትን ዕቃ። ቫንደርቢልት ተወው ቢለው እምቢ አለ። ኋላ ላይ ያ የክብር ዕቃ ለአገሪቱ ሙዚየም ተሰጠ፤ ቤተሰቡም ከቤቱ ሳይባረር ቀረ። ግን የቀረው በአበዳሪው ደግነት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ የትኛው ባንክ ነው ደግ የሚሆነው? እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ደግነት የሚባል ቅጽ የለንም።

የቀረውን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ግራንት የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። እየታመመ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ጨርሶ ጥቂት ቀን ሳይቆይ፣ ጁላይ 23 ቀን 1885 ሞተ። ማርክ ትዌይን መጽሐፉን አሳተመና ለጁሊያ ወደ 450 ሺህ ዶላር ገባላት። ደስ ይላል። እኔ ግን ይህን ክፍል ለወጣት ስነግር እጠነቀቃለሁ። ወጣት ሲሰማው "እግዜር ያውቃል፣ አንድ ነገር ይፈጠራል" ይላል። የእናንተ አባት የሚሸጠው መጽሐፍ የለውም። ያለው ቤት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ባክ ነው። ባክ ሌባ አልነበረም። እሱም ተዘርፏል፤ አማቱ ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ መዝገቡን ገልጦ ሳያይ አባቱን ይዞ ገባ። እኔም በሥራ ዘመኔ አባቱን ሊያታልል የመጣ ልጅ ብዙ አላየሁም። ያየሁት ጥሩ ልጆች ነው። ዕቅዳቸው በቀለም የታተመ፣ ሸሪካቸው አፈ ጮሌ፣ አባታቸው ዝም ያሉ።

በተለይ የድሮ ወታደሮቹን አልረሳም። ጡረተኛ መቶ አለቃ፣ ሻምበል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ውሉን አቀብላቸዋለሁ። "ያንብቡት ጋሼ፣ አይቸኩሉ" እላለሁ። "ልጄ አንብቦታል" ይላሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያሳያቸዋል፤ "እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ፣ ጀርባው ላይም።" ገጹ ሁሉ ይፈረማል። እናትየው አጠገባቸው ሆነው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይያዝምና የሳቸውም ፊርማ ያስፈልጋል። ማንም ግን ምን እንደሚፈርሙ አልነገራቸውም።

ያ ቤት በማህበር ተመርቶ፣ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየተጨመረ የተሠራ ነው። ጓሮው ላይ ሁለት ሰርቪስ አለ፤ ተከራይቷል። የወታደር ጡረታ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። የደም ግፊት መድኃኒቱ የሚገዛው በሰርቪሱ ኪራይ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ጣሪያም ገቢም አብረው ይሄዳሉ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ እንደ እናንተ እንደገና አይጀምርም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ አጭር ነው፣ አትሽሹ።

ብዙዎቻችሁ "ድርጅቴ ፒኤልሲ ነው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ድርጅቱ ቢከስር ማህበርተኛው የሚያጣው ያዋጣውን ነው። አባታችሁ ግን ቤቱን በመያዣ ሲፈርም ያ ግድግዳ ፈረሰ። ባንኩ ወደ ቤቱ የሚሄደው በቀጥታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ውሉ ላይ ስምምነቱ ካለ፣ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሥነ ሥርዓቱን ከጣሰ ለጉዳቱ ይጠየቃል፤ ሽያጩን ማስቆም ግን ሌላ ጣጣ ነው። ደግሞም ስምምነቱ ውሉ ላይ ሁልጊዜ አለ። እኔ ሳይኖር አላየሁም።

ከመያዣው ሌላ ዋስትና የሚባል አለ። አባትህ በዋስነት ከፈረመ ከቤቱ አልፎ ሌላ ንብረቱም ይነካል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ያቺን ቁጥር ፈልጋት። ስታገኛት ጮክ ብለህ ለአባትህ አንብብለት። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውንም ንገረው፤ ብዙ ሰው ቤቱን ብቻ ያስያዘ መስሎት ዋስም ሆኖ ይወጣል።

ውክልናም እንዲሁ። ውጭ አገር ያላችሁት ይህን በተለይ አድምጡ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ አይበቃም፤ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ውልና ማስረጃ ደጃፍ ያሉት ጸሐፊዎች ግን "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ" የሚለውን ሐረግ ሳትጠይቁ ያስገቡታል። ፎርሙ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ግብር እንዲከፍል ብቻ የወከላችሁት ዘመድ ቤቱን ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው። አስወጡት።

ዕቅዳችሁ ላይ ደግሞ የራሳችሁ ያልሆነውን ነገር ፈትሹ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ57 አስልቶ ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ሳይሰንፍ፣ ሳይጠጣ፣ ሳያጭበረብር ዕዳው አበጠ። ታታሪነት እዚህ ጋ አይሠራም። ለዚያ ዓይነት ቀን የአባት ቤት ከሚያዝ ሥራው አንሶ ቢጀመር ይሻላል። በመኪና፣ በማሽን፣ በራሳችሁ ቁጠባ ጀምሩ። ያ ካልበቃ ዕቅዱ በዝቷል። ይህን ስል የሚቆጣኝ ወጣት አለ፤ ይቆጣ።

እሺ ብሎ ካስያዘላችሁስ? አባታችሁ በየሦስት ወሩ የባንክ ሒሳብ መግለጫውን ይይ። ባይገባው እንኳ ይይ። ከእናንተ ጋር የማይሠራ ጠበቃ ውሉን ያንብብለት፤ ክፍያው ከሐራጅ ይረክሳል። "ቤቱ ቢሸጥ እነ አባዬ የት ያድራሉ?" የሚለውን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልሱት፤ የማን ቤት፣ በማን ኪራይ። ሸሪካችሁ መዝገቡን እንዳታዩ የሚያመቻች ከሆነ፣ ወይም ባንክ በተዘጋበት ቀን መጥቶ "ለአንድ ቀን ብቻ" የሚል ከሆነ ዋርድን አስታውሱ። ዋርድ ተፈርዶበት ሲንግ ሲንግ እስር ቤት ስድስት ዓመት ከምናምን ታስሮ ወጣ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ነገሩ ከተበላሸ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ባለፈ ቀን ለአባታችሁ ንገሩት። እሱ የሚያውቀው ማስታወቂያው በር ላይ ሲለጠፍ ከሆነ የቀረው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ዕድሩም ሰፈሩም አብሮት ያነባል። አስቀድሞ ከነገራችሁት ግን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ብድሩ እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ ከተስማማ ቤቱን በራሳችሁ ገዢ ፈልጎ መሸጥ ይቻላል፤ ተረጋግቶ የተሸጠ ቤት ሐራጅ ላይ ከወጣ ቤት የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ዕዳው ተከፍሎ በተረፈው ሽማግሌው አነስተኛ ኮንዶሚኒየም ሊገዛ ይችላል። ሐራጁ ዕዳውን ካልሸፈነ ግን ቀሪው ተበዳሪውን እየተከተለ ይመጣል።

ብድር ክፍል ስትሄዱ በቃል አትለምኑ። ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ስንት ወር እንደምትፈልጉ፣ ከየት እንደምትከፍሉ ጻፉበት። ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተምና ቀን አስመቱ። አባታችሁም አብሯችሁ ይሂድ፤ ይህን ጊዜ ግን ወረቀቱን ቤት አንብቦት ይምጣ።